የድመት ግልገል በተዘጋጀላት ቦታ ብቻ እንድትጸዳዳ ማስለመድ የሚቻለው እንዴት ነው?

ግቢ ባለው ቤት ለምታድግ ድመት መጸዳጃ ማዘጋጀት የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኖ አያውቅም። ድመቷ ወደ ጓሮ ወጥታ ለስላሳ አፈር ትመርጣለች፤ በፊት እግሮቿ ትጭራለች፤ ተጸዳድታም መልሳ ትቀብራለች። ቤተሰቡ ይህን ስታደርግ ሳያያት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በናይሮቢ ወይም በዱባይ የኪራይ አፓርታማ ውስጥ ግን ጓሮ የለም። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ በሩም ቀኑን ሙሉ ይዘጋል። እንዲህ ባለ ቤት የገባች ግልገል የሚጫር ነገር ስትፈልግ የምታገኘው የአበባ ማስቀመጫ፣ የተከመረ ልብስ፣ የሶፋ ጥግ ወይም አልጋ ነው። ከዚያ በኋላ ሽታው፣ የቤተሰቡ ቁጣ፣ አንዳንድ ጊዜም የአከራይ ማስጠንቀቂያ ይከተላል።

የብዙ ግልገሎች ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። የድመት ሕክምና ባለሙያዎችን የሚያሰባስቡ ሁለት ማኅበራት፣ አንዱ አሜሪካዊ ሌላው ዓለም አቀፍ፣ በ2014 በጋራ ባወጡት መመሪያ ድመቶች ከቤት እንዲወጡ ወይም ለእንስሳት መጠለያ እንዲሰጡ ከሚያደርጉ ምክንያቶች መካከል ቤት ማቆሸሽ አንዱ መሆኑን ገልጸዋል። በቂ መጠለያ በሌለባቸው ከተሞች ደግሞ ከቤት መውጣት ማለት ጎዳና ላይ መጣል ማለት ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ግን አንድ ነገር ደጋግመው ያስረዳሉ። ከተዘጋጀላት ቦታ ውጪ የምትጸዳዳ ግልገል ባለቤቷን ለማናደድ ወይም ለመበቀል አስባ አይደለም። የመቅበር ዝንባሌው ከተፈጥሮዋ ጋር አብሮ የተሰጣት ነው። የጎደላት የምትቀብርበት ተስማሚ ቦታ ነው።

ከበረሃ የመጣ ልማድ

የቤት ድመት የዘር ግንድ የሚመዘዘው በአፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። በ2007 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት በዓለም ዙሪያ ያሉ የቤት ድመቶች ከቅርብ ምሥራቁ የዱር ድመት የተገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት አጽም መገኘቱ ደግሞ የሁለቱ ወዳጅነት ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ያመለክታል። የአፍሪካ የዱር ድመት ዛሬም በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ይገኛል።

ደረቅና አሸዋማ መሬት ከሚበዛበት አካባቢ የመጣ እንስሳ ለመጸዳዳት ደቃቅና በቀላሉ የሚጫር ነገር ቢፈልግ አያስገርምም። ተመራማሪዎች ዓይነ ምድርን መቅበር ድመቷ ሽታዋን ከአዳኞችና ከሌሎች ድመቶች የምትሸሽግበት ዘዴ እንደሆነ ያምናሉ።

ይህ ዝንባሌ የሚታየው ግን በተወለደችበት ቀን አይደለም። አዲስ የተወለደች ግልገል በራሷ መሽናትም ሆነ ዓይነ ምድር ማስወጣት አትችልም። እናቲቱ ሆዷንና የመጸዳጃ አካሏን በምላሷ እየላሰች ታነቃቃታለች፤ የሚወጣውንም ትልሰዋለች። ግልገሏ ይህን ተግባር በራሷ መቆጣጠር የምትጀምረው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ እናቷን እየተከተለች አፈር መጫር ትጀምራለች።

ከዚህ የሚገኙ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ግልገሏን ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አለመነጠል ነው። ሁለተኛው፣ እናቷ የሞተችባት ወይም ሜዳ ላይ ተጥላ የተገኘች ጨቅላ ካለች ተንከባካቢዋ የእናቷን ሥራ መተካት እንዳለበት ነው። ወተት በተሰጣት ቁጥር በለብ ያለ ውኃ በተነከረ ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ከጅራቷ ሥር ቀስ ብሎ ማሸት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በሆዷ የተጠራቀመው ሽንትና ዓይነ ምድር ለሕይወቷ ያሰጋል።

ሣጥኑ ምን ዓይነት ይሁን?

ለግልገል ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጎኑ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ትሪ ይበቃል። ዋናው ነገር ትንሽ እግሮቿ ያለችግር ሊሻገሩት መቻላቸው ነው፤ ስለዚህ መግቢያው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ይመረጣል። ያለው ሳፋ ረጅም ከሆነ አንዱን ጎን ቆርጦ ስለቱን ማለስለስ ይቻላል።

ክዳን ያለው ሣጥን ለሰው ዓይንና አፍንጫ ይመች ይሆናል። ለድመቷ ግን ሽታው የታፈነበት፣ ዙሪያዋን ማየት የማትችልበት ጠባብ ዋሻ ሊሆንባት ይችላል። ስታድግ ደግሞ ሣጥኑም አብሮ ማደግ አለበት። ባለሙያዎች የሚመክሩት ርዝመት ከድመቷ አፍንጫ እስከ ጅራቷ መነሻ ያለውን አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ የታወቀ ቀመር አለ፤ በቤቱ ካሉት ድመቶች ቁጥር አንድ ይበልጣል። ለአንዲት ድመት ሁለት፣ ለሁለት ድመቶች ሦስት ማለት ነው። ቦታው የጠበበ ቤተሰብ ይህ ሊከብደው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያለውን አንድ ሣጥን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል።

አመድ፣ አሸዋ ወይስ ከሱቅ የሚገዛው?

በሱቅ የሚሸጠው የድመት አሸዋ ከ80 ዓመት ያነሰ ታሪክ ያለው ምርት ነው። በ1947 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት አንዲት ሴት ለድመቷ የምትጠቀምበት አመድ ቤቷን በጥቁር ኮቴ እየሞላባት ተቸግራ ነበር። ጎረቤቷ ኤድዋርድ ሎው በፋብሪካ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት ለመምጠጥ የሚያገለግል የደረቀ ሸክላ አፈር ሰጣት። አፈሩ ሽንቱንም ሽታውንም መጠጠ፤ ሎውም በከረጢት እያሸገ መሸጥ ጀመረ። እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለው ዓይነት ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ ነው።

የሚጓጉለው ዓይነት ለትልቅ ድመት ምቹ ነው፤ የረጠበውን ክፍል ለይቶ ማውጣት ያስችላል። ለትንሽ ግልገል ግን አይመከርም። ግልገሎች እንደ ሕጻናት ሁሉን ነገር በአፋቸው ይሞክራሉ፤ የተዋጠው አሸዋም ሆድ ውስጥ ሊጓጉል ይችላል የሚል ስጋት አለ። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት እስኪያልፉ የማይጓጉል ዓይነት መጠቀም የተሻለ ነው። ሽቶ የተቀላቀለበትንም መተው ይበጃል። ለሰው ደስ የሚለው መዓዛ ከሰው እጅግ የላቀ የማሽተት ችሎታ ላላት ድመት የሚያባርር ሊሆን ይችላል።

ምርቱ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት አካባቢ ሌሎች አማራጮች አሉ። ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ አሸዋ ከድመቷ ተፈጥሯዊ ምርጫ ጋር ይቀራረባል። ጉድለቱ ሽታን እምብዛም አለመያዙ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል። ተቀዳዶ የደቀቀ ጋዜጣም ያገለግላል። ሰጋቱራ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ቀለም ወይም የምስጥ መከላከያ ኬሚካል ከነካው እንጨት ያልተገኘ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

አመድ በብዙ ቤቶች የሚገኝና ሽታን የሚቀንስ ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። ያልጠፋ ፍም ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ለመተንፈሻ አካል አይመችም። የእንጨት አመድ ሲረጥብም የመዳፍን ቆዳ የመለብለብ ባህሪ አለው። ከአሸዋ ይልቅ አመድን ብቻ መጠቀም ለግልገል አይመረጥም።

ግልገሏ የመጣችው ከግቢ ከሆነ ደግሞ እግሯ የለመደው አፈር ነው። በሣጥኑ አሸዋ ላይ ከለመደችው አፈር ጥቂት መቀላቀል፣ ከዚያም በየቀኑ መጠኑን እየቀነሱ መሄድ ሽግግሩን ያቀልላታል። የአሸዋው ጥልቀት ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለትንሽ መዳፍ በቂ ነው።

ሣጥኑ የት ይቀመጥ?

ድመት በምትበላበት አጠገብ መጸዳዳት አትወድም። ሣጥኑን ከምግቧና ከውኃዋ ማራቅ ያስፈልጋል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ፣ ሰው የሚመላለስበት መተላለፊያ ላይ ወይም ውሻ ሊደርስበት የሚችል ቦታም አይሆንም። ስትጸዳዳ በድንገተኛ ድምፅ አንድ ጊዜ የደነገጠች ግልገል ወደዚያ ቦታ ላለመመለስ ልትወስን ትችላለች።

በብዙ ቤቶች የሚታየው ስህተት ሣጥኑን ሽንት ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋት ነው። በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሌሊት መቆለፍም ያው ነው። ግልገሏ ሌሊት ስትነቃ በሩ ከተዘጋባት ሌላ ቦታ ከመፈለግ በቀር ምርጫ የላትም። በፎቅ ላይ ያለ ክፍት በረንዳ የመውደቅ አደጋም አለው። ተስማሚ ቦታ ከተገኘ በኋላ ሣጥኑን ከወዲያ ወዲህ አለማዘዋወር ይመከራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ የመጣችን ግልገል ወዲያውኑ ቤቱን በሙሉ መልቀቅ ለእርሷም ለባለቤቱም ፈተና ነው። ሽንቷ ሲመጣ ብዙ መታገሥ የማትችል ትንሽ እንስሳ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሣጥን ፍለጋ መሮጥ አይሆንላትም። ስለዚህ መኝታዋ፣ ምግቧና ሣጥኗ በየጥጉ ተራርቀው በተቀመጡበት አንድ ክፍል መጀመር ይመረጣል። ለተከታታይ ቀናት ያለስህተት ስትጠቀም ቀሪው ቤት ደረጃ በደረጃ ይከፈትላታል።

ግልገል መጸዳዳት የምትፈልግባቸው ሰዓቶች በአብዛኛው ይታወቃሉ። ከእንቅልፍ እንደነቃች፣ ከበላች በኋላ ባሉት ደቂቃዎች እና ጨዋታ ስትጨርስ ነው። በነዚህ ጊዜያት ቀስ ብሎ አንሥቶ ሣጥኑ ውስጥ ማኖር ይበቃል። ወለሉን ማሽተት፣ መጫር ወይም ጥግ ላይ ማጎንበስ ከጀመረችም ያንኑ ማድረግ ነው። ከወጣች መልሶ ማስገደድ አያስፈልግም።

አንዳንድ ሰዎች የፊት እግሮቿን ይዘው አሸዋውን በግድ ያስጭሯታል። ይህ ከማስተማር ይልቅ ያስፈራታል። በምትኩ አሸዋውን በጣት ወይም በማንኪያ ጫር ጫር ማድረግ ድምፁን ሰምታ እንድትቀርብ ይጋብዛታል። በትክክል ስትጸዳዳ እስክትጨርስ ሳይረብሹ መጠበቅና ወዲያው በለሰለሰ ድምፅ ማበረታታት ወይም ትንሽ ምግብ መስጠት ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከረጠበው አሸዋ ጥቂቱን መተው ቦታውን በሽታው እንድታውቀው ያግዛታል።

ስህተት ሲፈጠር

አፍንጫዋን በሽንቷ ላይ ማሸት፣ መምታትና መጮህ በብዙ ቦታ እንደ ማስተማሪያ ይቆጠራሉ። ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ግልገሏ ቅጣቱን ከደቂቃዎች በፊት ካደረገችው ነገር ጋር አታያይዘውም፤ የምታያይዘው ከቀጣት ሰው ጋር ነው። የምትማረውም ሰው በሚያያት ቦታ መጸዳዳት አደገኛ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ አልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ጀርባ ትሸሸጋለች፤ ችግሩ አይቆምም፤ ለማግኘት ብቻ ያስቸግራል።

የሚሻለው ሽታውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው። ለሰው የጠፋ የሚመስለው ሽታ ለድመቷ ቦታው መጸዳጃ መሆኑን የሚነግር ምልክት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አሞኒያ ያለባቸው የጽዳት ፈሳሾች ሽንትን የሚመስል ሽታ ስላላቸው መልሰው ይጋብዟታል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለመተንፈስ ጎጂ የሆነ ጋዝ ስለሚፈጥር በቀጥታ መድፋት አይገባም። የሽንትን ንጥረ ነገር በኢንዛይም የሚሰባብሩ ፈሳሾች ካሉ እነርሱ ተመራጭ ናቸው። ካልተገኙ ሽንቱን በጨርቅ መጥጦ፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ በመጨረሻም በውኃ በቀጠነ ኮምጣጤ መወልወል ይረዳል።

ደጋግማ የምትመለስበት ጥግ ካለ ከጸዳ በኋላ የምግብ ሳህኗን እዚያ ማስቀመጥ ሐሳቧን ያስቀይራታል። የአበባ ማስቀመጫን አፈር በጠጠር መሸፈንም እንዲሁ።

ከሣጥኑ አጠገብ፣ ግን ውጪ የምትጸዳዳ ግልገል ብዙ ጊዜ ቦታውን እንደምታውቅ፣ ሣጥኑ ግን እንዳልተመቻት እየጠቆመች ነው። በዚህ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ሣጥኑ ጠቧት፣ ጎኑ ከፍ ብሎባት፣ አሸዋው ተለውጦባት ወይም ቆሽሾባት እንደሆነ ነው። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ዓይነ ምድሩንና የረጠበውን አሸዋ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ ማውጣት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ገደማ ደግሞ አሸዋውን ሙሉ በሙሉ ቀይሮ ሣጥኑን በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ ይገባል።

የልማድ ችግር ሳይሆን ሕመም ሲሆን

በደንብ የለመደች ግልገል በድንገት ከሣጥኗ ከራቀች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጤንነቷ ነው። ተቅማጥ የያዛት ግልገል ሣጥኑ ጋር እስክትደርስ መቆየት አትችልም። ግልገሎች የአንጀት ትላትልን ከእናታቸው ወተት ጭምር ሊያገኙ ስለሚችሉ የትል መድኃኒት ገና በጨቅላነታቸው እንዲጀምሩ ሐኪሞች ይመክራሉ። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ለሰው የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት መስጠት አይገባም።

ሽንት ሲሸኑ ማመም ሌላው ምክንያት ነው። ሕመሙን ከሣጥኑ ጋር ያያያዘች ድመት ሣጥኑን ትሸሻለች። ተባዕት ድመት ደጋግሞ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ካማጠ፣ ከጮኸና ሽንት ጠብ ካላለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል የሚችል አጣዳፊ ሁኔታ ነው፤ ‘ነገ ይሻለው ይሆናል’ ተብሎ አይጠበቅም።

ከአምስትና ስድስት ወር ጀምሮ ደግሞ አዲስ ነገር ሊታይ ይችላል። ድመቱ ቆሞ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ግድግዳና መጋረጃ ላይ ሽንት ይረጫል። ይህ የመጸዳጃ ልማድ መበላሸት ሳይሆን ክልልን በሽታ የማመልከት ባህሪ ነው። ከዚህ ዕድሜ በፊት ማምከን በአብዛኞቹ ድመቶች ላይ ባህሪው እንዳይጀምር ይከላከላል፤ ከጀመሩትም አብዛኞቹ ይተዉታል ወይም ይቀንሱታል።

ለሰው ጤናስ?

የድመት መጸዳጃን ንጽሕና የቤተሰብ ጤና ጉዳይ የሚያደርገው ቶክሶፕላዝማ የተሰኘው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ድመቶች ብዙውን ጊዜ አይጥ፣ ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ በልተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዙ ለጥቂት ሳምንታት የተሕዋሱን እንቁላል መሰል አካል በዓይነ ምድራቸው ያስወጣሉ። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከባድ ሕመም አያስከትልም። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ግን ወደ ጽንሱ ተላልፎ ውርጃ ወይም በዓይንና በአንጎል ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎችም አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ በየቀኑ የማጽዳት ትርጉም ጎልቶ ይወጣል። ከድመቷ የወጣው ተሕዋስ ሰውን መያዝ የሚችለው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚጸዳ ሣጥን ስለዚህ ተሕዋሱ ለመያዝ ከመድረሱ በፊት ያስወግደዋል። በረኪና ይህን ተሕዋስ በቀላሉ አይገድለውም፤ የፈላ ውኃ ግን ይገድለዋል። ለግልገሏ ጥሬ ሥጋ አለመስጠትም አንዱ መከላከያ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ሣጥኑን ባታጸዳ ይመረጣል። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጋ ማጽዳትና እጇን በሳሙና በደንብ መታጠብ ይኖርባታል። ይህ በባሕረ ሰላጤው አገራትና በሌሎች ቦታዎች በቤት ሠራተኝነት ተሰማርተው የአሠሪዎቻቸውን ድመት የሚንከባከቡ ሴቶችንም ይመለከታል። ይህ ሲባል ግን ስጋቱ ሁሉ የድመቷ አይደለም። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋና ያልታጠበ አትክልት ዋና ዋና መተላለፊያዎች በመሆናቸው፣ ጥሬ ሥጋና ክትፎ በሚወደድበት ቤት ድመቷን ብቻ ማባረር ነፍሰ ጡሯን አይጠብቃትም።

የወጣው ቆሻሻ በከረጢት ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ቢወገድ ይሻላል። አትክልት በሚተከልበት መሬት ላይ መድፋትና ለማዳበሪያ መጠቀም አይገባም። ልጆች የሚጫወቱበት የአሸዋ ክምር ካለም መሸፈን አለበት፤ ድመቶች ለመጸዳዳት የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ነው።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ከእናቷ ጋር በቂ ጊዜ ያሳለፈች ጤነኛ ግልገል ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ትለምዳለች። ከጎዳና የተነሣች ወይም እናቷን በጨቅላነቷ ያጣች ሳምንታት ሊያስፈልጓት ይችላሉ። ቤት ሲቀየር፣ እንግዳ ሲበዛ ወይም አዲስ ድመት ሲመጣ ስህተት ሊያገረሽ ይችላል፤ ያኔም ወደ አንዱ ክፍልና ወደ አንዱ ሣጥን ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው።

የተባለው ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ካልታየ የሚቀጥለው እርምጃ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። ባለቤቱ ስህተቱ መቼ እንደጀመረ፣ በየትኛው ቦታ እንደሚደጋገም፣ ሽንት ይሁን ዓይነ ምድር እንዲሁም በዚያ ሰሞን በቤቱ ምን እንደተለወጠ መዝግቦ ቢሄድ ለሐኪሙ ግማሹን መልስ ይዞ ይቀርባል።